ጅማን ለፍቅር ክሊፕ ለምትመርጡ ሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ የሙዚቃ ክሊፕ ለምትቀርጹ ዳይሬክተሮች፣ ድምፃውያንና ፕሮዲውሰሮች

ግልባጭ፦ ለክሊፕ ተመልካቾች በሙሉ

ጉዳዩ፦ የፍቅር ታሪክ የሚተርኩ ክሊፖች ከተማችንን ከጀርባ ሥዕልነት አውጥተው በታሪኩ ውስጥ እንዲያስገቧት ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የክሊፕ ባለሙያዎች፦

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ ጅማ ከተማ ውስጥ ሰርግ፣ ኒካህ፣ ምርቃትና ሌሎች ዝግጅቶችን በመቅረጽ የምተዳደር የቪዲዮ ባለሙያ ነኝ። ክሊፕ የመሥራት ዕድል አልገጠመኝም። ነገር ግን እናንተ ከአዲስ አበባም ሆነ ከሌላ ከተማ ለቀረጻ ስትመጡ መብራት የሚያከራያችሁ፣ ጄኔሬተር የሚያፈላልግላችሁ፣ ወደ ቡና ጫካው የሚመራችሁ እንደ እኔ ያለ የአካባቢው ሰው በመሆኑ ሥራችሁን ከጎን ሆኜ አያለሁ። ክሊፑ ከተለቀቀ በኋላም ነገሩ በእናንተ በኩል ሲያበቃ በእኔ በኩል ይጀምራል፤ የሚጋቡ ወጣቶች ስልካቸውን ከፍተው የሠራችሁትን እያሳዩ «ልክ እንደዚህ አድርገህ ቅረጸን» ይሉኛልና። ስለዚህ ክሊፕ ወጣቱ ፍቅሩ በካሜራ ፊት ምን መምሰል እንዳለበት የሚማርበት ቦታ ሆኗል ስል ከእለት ሥራዬ ተነሥቼ እንጂ ለማጋነን ፈልጌ አይደለም።

የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። ጅሬን ኮረብታ ጫፍ ላይ ጀርባቸውን ለካሜራ ሰጥተው መቆም፣ ቬሎው በነፋስ እንዲንሳፈፍ ማድረግ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ ቀስ ብሎ መራመድ፣ ከዚያም እሷ ዞር ብላ በስሎው ሞሽን እንድትስቅ ማድረግ ነው። እስኪዘጋጁ ድረስ የት እንደተዋወቁ ስጠይቃቸው ግን የሚነግሩኝ ከዚህ ሁሉ ጋር የማይገናኝ ነገር ነው። መናኸሪያ ውስጥ ወደ አጋሮ በምትሄደው የመጨረሻ መኪና ላይ አንድ ወንበር ሲሻሙ የተዋወቁ አሉ። ሁለቱ ቤተሰቦች በቡና ሒሳብ ተኳርፈው በነበሩበት ዓመት ተደብቀው ሲገናኙ የከረሙም አሉ። በሚነግሩኝ ታሪክ ውስጥ እምቢታ አለ፣ የሚያስፈራ አባት አለ፣ ማስመሰል አለ፣ የሚያልቅ ጊዜ አለ። ከክሊፕ ተምረው እንድቀርጽላቸው በሚጠይቁኝ ፍቅር ውስጥ ግን ከእነዚህ አንዱም የለም። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ልዩነት ነው።

ጅማ ላይ የሚቀረጹ የፍቅር ክሊፖች አብዛኞቹ የሚሄዱበት መንገድ የታወቀ ነው። ድሮን ከቡና ጫካው በላይ ይነሣል፤ ቀጥሎ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሰገነት ይታያል፤ ድምፃዊው ነጭ ለብሶ በደረጃው ይወርዳል፤ ልጅቷ ከዛፍ ጀርባ ብቅ ብላ ትጠፋለች። አዝማቹ ላይ ተወዛዋዦች ይገባሉ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሁለቱ ስኒ ይዘው ይተያያሉ። ግጥሙ ቆሞ ሙዚቃው ብቻውን በሚሄድበት ቦታ ላይ ኩርፊያ ወይም የመኪና አደጋ ይመጣል፤ መጨረሻ ላይም ወይ እሷ ሆስፒታል አልጋ ላይ ዓይኗን ትገልጣለች፣ ወይ ነገሩ ሁሉ ሕልም ሆኖ ይገኛል። ሥዕሉ ያምራል፤ የምስል ጥራታችሁን ለመካድ አልተነሣሁም፣ እኔም ብዙ ነገር የተማርኩት ከእናንተ ነው። ሆኖም ድምፁን አጥፍቶ ክሊፑን ለሚያይ ሰው ሁለቱ ለምን እንደተዋደዱ፣ ለምን እንደተጣሉና ለምን እንደታረቁ አይገባውም። ይህ ሁሉ ለምን ጅማ ላይ እንደሆነ ደግሞ ጨርሶ አይታወቅም፤ ያንኑ ታሪክ ወደ ሐዋሳ ወይም ወደ ባሕር ዳር ብትወስዱት ከኋላ ካለው ሥዕል በቀር የሚለወጥ ነገር የለም።

በክሊፕ ታሪክ መተረክ በየትኛውም አገር አዲስ ነገር አይደለም። ኤምቲቪ የተባለው የአሜሪካ ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1981 ክሊፕ ብቻ ይዞ ሲነሣ ብዙዎቹ ሥራዎች ድምፃዊውን መድረክ ላይ የሚያሳዩ ነበሩ። በ1983 ግን ማይክል ጃክሰን ጆን ላንዲስ ከተባለው የፊልም ዳይሬክተር ጋር ሆኖ «ትሪለር»ን 14 ደቂቃ ገደማ የሚወስድ አጭር ፊልም አድርጎ ሠራው። ያ ሥራ ዛሬ የሚታወሰው በጭራቆቹና በውዝዋዜው ቢሆንም የሚነሣው ከፍቅር ነው። ነዳጅ ያለቀበት ወጣት ለሚወዳት ልጅ ቀለበት ከሰጣት በኋላ ከሌሎች ወንዶች የተለየ መሆኑን ሊነግራት ይሞክራል፤ ቀጥሎ የሚመጣው አስፈሪ ነገር ለዚያች አንዲት ንግግር የተሰጠ መልስ ነው። እኔን የሚያስቀናኝ ገንዘቡም ሜካፑም አይደለም፤ ፍቅሩ ውስጥ ከመጀመሪያው ጥያቄ መቀመጡ ነው።

በእኛ አገር ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ዘመን የምናየው ድምፃዊ ወይ ስቱዲዮ ውስጥ ወይ አበባ መካከል ቆሞ የሚዘፍን ነበር፤ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚታይ የሚወስነውም ጣቢያው ነበር። በኋላ ክሊፕ በቪሲዲ እየታተመ በየሱቁ ተሸጠ፤ ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ተመልካቹ በአውራ ጣቱ ያሳልፈዋል። ይህ ፍርሃት ይመስለኛል ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ የንግግር ድራማ የማስገባትን ልማድ ያመጣው። ልማዱን በጅምላ አልነቅፍም፤ ብዙ ጊዜ ግን ተዋናዮቹ በዚያ ንግግር ውስጥ ማን ማንን እንደሚወድ፣ ማን እንደከዳ፣ አባትየው ለምን እንደተቆጡ ሁሉንም ነግረውን ይጨርሱና ዘፈኑ ሲመጣ ለምስሉ የሚሠራው ሥራ አይተርፍለትም። ቀሪዎቹ አራት ደቂቃዎች በመራመድና በመዞር ይሞላሉ።

ስለ ጊዜው ካነሣሁ ጥቂት ልቆይበት፤ ብዙዎቹ ጉድለቶች ከዚህ የሚመነጩ ይመስለኛልና። አንድ ዘፈን በአብዛኛው ከአራት እስከ አምስት ደቂቃ ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሁለት ሰዎችን ማስተዋወቅ፣ ማፋቀር፣ ማጣላት፣ አንዱን ማሳመምና መቅበር አይቻልም፤ ቢሞከርም ከእያንዳንዱ ነገር የሚታየው ምልክቱ ብቻ ይሆናል። ፍቅር ማለት ሳቅ፣ ጠብ ማለት የተወረወረ ስልክ፣ ሐዘን ማለት ዝናብ ሆኖ ይቀራል። በአራት ደቂቃ ውስጥ የሚነገረው የአንድ ከሰዓት በኋላ ታሪክ ነው፤ አንድ ሰው አንድ ነገር ለመናገር መጥቶ ሳይናገር የሚመለስበት ወይም ተናግሮ የሚጸጸትበት ከሰዓት በኋላ። ከዚያ በፊት ያለውን ተመልካቹ ከአያያዛቸው ይገምተዋል። ግጥም ሲሰማ የኖረ ሕዝብ ስለሆነ ለግምት አይቸገርም።

አዝማቹስ? አዝማች በዘፈኑ ውስጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል፤ በክሊፖቻችን ግን በተመለሰ ቁጥር ወደ ተወዛዋዦቹ ስለምንሄድ ታሪኩ እያቆመ ይሄዳል። ቃሉ ያው ሆኖ ሁኔታው ሲለወጥ የሚገኘውን ኃይል እንተወዋለን ማለት ነው። ለምሳሌ አዝማቹ «እመጣለሁ» የሚል ነው እንበል። መጀመሪያ ሲባል ልጁ ለቡና የሚሆን ስኳር ሊገዛ ከቤት እየወጣ ነው፤ እሷም ሳትዞር ትስቃለች። ሁለተኛ ሲባል ሻንጣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ ተጭኗል፤ ቃሉ ቃል ኪዳን ሆኗል። ሦስተኛ ሲባል በምስሉ ላይ እሱ የለም፤ እሷ ብቻዋን ያንኑ ስኳር ከመደርደሪያ ታወርዳለች፤ አሁን ቃሉ እውነት ይሁን ውሸት የሚፈርደው ተመልካቹ ነው። ለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ዘፈኑን ከካሜራ በፊት ከወረቀት ጋር ተቀምጦ መስማት ነው፤ ስክሪፕት ሳይዙ ቦታ አይቶ ከዚያ መፍጠር ለሰርግ ያዋጣ ይሆናል፣ ለታሪክ አያዋጣም።

ሌላው የምስልና የግጥም ድግግሞሽ ነው። ግጥሙ «አለቀስኩ» ሲል ተዋናዩ ያለቅሳል፤ «ጨረቃ» ሲል ጨረቃ ይገባል፤ «ልቤን» ሲል እጁን ደረቱ ላይ ያሳርፋል። ሰምና ወርቅ በሚያውቅ ሕዝብ ፊት ይህ የሚያሳፍር ነው። ግጥሙ አለቀስኩ ካለ ምስሉ ሰውዬው ሱቁን ከፍቶ፣ ደንበኛ እያስተናገደ፣ መልስ እየቆጠረ ቢያሳየን ልቅሶው የት እንዳለ እኛ ፈልገን እናገኘዋለን። በዚህ ላይ ድምፃዊው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ ተራኪ ነው ወይስ አፍቃሪው ራሱ? ተራኪ ከሆነ ከሁለቱ ሰዎች መካከል ወጥቶ ዳር ይቁም፣ ለምሳሌ ሁሉን የሚያይ ባለ ሱቅ ወይም ሾፌር ይሁን። አፍቃሪው ራሱ ከሆነ ደግሞ በታሪኩ መካከል ልብሱን አራት ጊዜ ቀይሮ በመኪና ኮፈን ላይ ቁጭ ብሎ ወደ ካሜራ መዝፈኑን ቢተው ይሻላል፤ አንድ ሰው ሲከዳ አይተን እያዘንንለት ሳለ ወዲያው በአዲስ መነጽር ሲስቅ ካየነው ማዘናችን ይበርዳል።

ስለ ሴቷ መናገር ግድ ይለኛል። በሥራ ቋንቋችን «ሞዴሏ» እንላታለን፤ የምትቀጠረውም እንደዚያው ነው። ትመጣለች፣ ትሜካፓለች፣ ቆንጆ ሆና ትታያለች፣ ትሄዳለች። ምን እንደምትሠራ፣ ማን ቤት እንደምትኖር፣ ልጁን ትውደደው አትውደደው አናውቅም። ብዙ የፍቅር ዘፈኖቻችን በወንድ አንደበት የተጻፉ ስለሆኑ ጉዳዩ ከግጥሙ ይጀምራል፤ ክሊፑ ግን ግጥሙ ያላነሣውን የእሷን ወገን የማሳየት ዕድል ነበረው። እሱ «እምቢ አለችኝ» እያለ ሲዘፍን እሷ ለምን እምቢ እንዳለች ምስሉ ብቻውን ሊነግረን ይችላል፤ ምናልባት የታናናሾቿ አሳዳጊ ናት፣ ምናልባት ከእሱ ይልቅ የምትወደው ሥራ አላት፣ ምናልባትም በቀላሉ አትወደውም። ይህ የመጨረሻው በክሊፖቻችን ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። እምቢታ ሁሉ በስተመጨረሻ ወደ እሺታ እንዲለወጥ ይደረጋል፤ ከቀን ወደ ቀን ተከትሏት፣ በሯ ላይ ቆሞ፣ መንገድ ዘግቶባት ያሸነፋት ወንድ ጽናቱ እንደ ፍቅር ይቆጠርለታል። እኔ ይህን ዓይነት ቀረጻ ዳር ሆኜ ሳይ የሚያሳስበኝ ዙሪያውን ከበው የሚመለከቱት የአሥራ አራትና የአሥራ አምስት ዓመት ወንዶች ልጆች ናቸው።

ስለ መሳሳምና መተቃቀፍ አንዳንድ ወጣት ዳይሬክተሮች «ነፃነት ስለሌለን ነው ፍቅር ማሳየት ያልቻልነው» ሲሉ እሰማለሁ፤ በዚህ አልስማማም። በእኛ ከተሞች ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሕንድ ፊልም እያየ ያደገ ትውልድ ያውቀዋል፤ የሕንድ ሲኒማ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከንፈር ለከንፈር ሳያገናኝ የዓለምን ግማሽ በፍቅር አስለቅሷል። እ.ኤ.አ. በ2016 ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ከጀመረ በኋላ በአማርኛ ተተርጉመው የገቡት የቱርክ ድራማዎችም ተመልካቹን የያዙት በረጅም መተያየትና በዘገየ መልስ ነው፤ ያንን መተያየት ወደ ክሊፖቻችን ስንገለብጠው ግን መተያየቱን እንጂ ያዘገየውን ምክንያት አላመጣነውም። ሳይናገሩ መዋደድ እኛ ዘንድ የቆየ ነገር ነው። ቡና የሚፈላበት ቤት ውስጥ አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያለ ሦስት ጊዜ የሚቀዳው ስኒ ለብቻው ታሪክ ነው። አቦልን ጠጥቶ «ሥራ አለኝ» ብሎ ሁልጊዜ የሚነሣ ወጣት አንድ ቀን እስከ በረካ ከተቀመጠ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይገባቸዋል፤ እናትየዋ ትገነዘባለች፣ የጎረቤት ሴቶች ይጠቃቀሳሉ፣ የምትቀዳዋ ልጅ አንገቷን ትደፋለች። አዝማቹ ሦስት ጊዜ ይመለሳል፣ ስኒውም ሦስት ጊዜ ይቀዳል። ይህን የመሰለ ቅርጽ በየቤቱ ተቀምጦ ሳለ ስኒውን በእጅ ይዞ ለመተያየት ብቻ መጠቀም ያሳዝናል።

አሁን ወደ ጅማ ልምጣ። ቡናን ለጀርባ ሥዕል ስትጠቀሙ በአካባቢው ሰው ዓይን ወዲያውኑ የሚታወቅ ስህተት ትሠራላችሁ። በአንድ ክሊፕ ውስጥ፣ በአንድ ቀን ታሪክ ውስጥ፣ ልጅቷ በነጭ የቡና አበባ መካከል ታልፍና ድምፃዊው ቀይ እሸት እየለቀመ ይከተላታል። የቡና አበባ የሚፈነዳው ከበጋው በኋላ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲወርዱ ሲሆን ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም፤ እሸቱ የሚለቀመው ደግሞ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በሁለቱ መካከል ብዙ ወራት አሉ፤ አንድ ሙሉ ክረምትም አለ። ይህን ያነሣሁት ለእርማት ብቻ አይደለም። በአበባ ጊዜ ቃል የተገባባ፣ በለቀማ ጊዜ የሚፈጸም ወይም የሚፈርስ ፍቅር ብትጽፉ ወራቱን ራሱ ቡናው ይቆጥርላችኋል፤ «ከወራት በኋላ» ብሎ በምስሉ ላይ መጻፍም አያስፈልግም። በለቀማ ወቅት ከሌላ አካባቢ ለቀን ሥራ የሚመጡ ወጣቶች አሉ፤ ሥራው ሲያልቅ ይሄዳሉ። የሚያልቅ ጊዜ ከዚህ የበለጠ የት ይገኛል? ጀንፈሉ፣ ማለትም ከነገለባው የሚደርቀው ቡና፣ ማድረቂያ አልጋው ላይ ሲሰጣ የሚያገላብጡት ሴቶች ሲያወሩ፣ ሲዘፍኑ፣ ሲተራረቡ ይውላሉ፤ ክሊፖቻችን ግን እነሱን አልፈው ወደ ዛፉ ይሄዳሉ።

ዩኒቨርሲቲውም እንዲሁ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞውን የግብርና ኮሌጅና የጤና ሳይንስ ተቋም በማዋሐድ ከተመሠረተ ወዲህ ከየአገሩ ማዕዘን የተመደቡ ተማሪዎች እዚህ ይገናኛሉ፣ ይዋደዳሉ፣ በምርቃት ማግስትም ሻንጣቸውን ይዘው ወደ የመጡበት ይበተናሉ። የምርቃት ቪዲዮ ስቀርጽ ከቤተሰብ ጋር ፎቶ እየተነሡ በትከሻቸው በላይ ሌላ ሰው የሚፈልጉ ዓይኖች ሁልጊዜ አያለሁ። መንገዱም ታሪክ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ያለው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ጉዞ በግቤ በረሃ ወርዶ እንደገና የሚወጣ ነው፤ ከለምለሙ ወደ ሞቃቱ ሸለቆ መውረዱ ብቻ መለየትን ያሳያል። የጅማው መርካቶ ገበያ፣ ከዋንዛ እንጨት በርጩማ የሚሠሩት እጆች፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያሉት የጣሊያን ዘመን ቤቶች፣ ከተማዋን አቋርጦ የሚሄደው የአዌቱ ወንዝ፣ ጃንጥላ ያልያዘውን ሁሉ አንድ በረንዳ ሥር የሚሰበስበው ዝናብ፣ እነዚህ ሁሉ ሰዎች የሚገናኙባቸውና የሚለያዩባቸው ቦታዎች ናቸው። በነገራችን ላይ በአንድ ቤት ውስጥ ከእናት ጋር በአፋን ኦሮሞ፣ ከጓደኛ ጋር በአማርኛ መነጋገር ለእኛ የእለት ኑሮ ነው፤ በዘፈን ፊት በሚገቡት የንግግር ድራማዎች ውስጥ ግን ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ስለ ብርሃኑ በአጭሩ። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ስምንት ዲግሪ በማይሞላ ርቀት ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ ቀጥ ብላ ትወርዳለች፤ የምትወዱት ወርቃማ ብርሃን ይጠብቀናል ስትሉ ያልቃል። በቡና ጫካው ውስጥ ደግሞ የጥላ ዛፎቹ ብርሃኑን ስለሚቆራርጡት ፊት ላይ ነጠብጣብ ይሠራል፤ ያለ ማንጸባረቂያ ከተቀረጸ በኋላ በከለር ሊስተካከል አይችልም፤ ቅጠሉን ከተፈጥሮው በላይ አረንጓዴ ማድረጉም የሰዎቹን ፊት ከማበላሸት በቀር ጥቅም የለውም። ስሎው ሞሽንን በተመለከተ፣ በሴኮንድ 50 ፍሬም ቀርጻችሁ በ25 ስታሳዩ ከንፈሩ እንዲገጥም ዘፈኑን በእጥፍ ፍጥነት ከፍታችሁ ድምፃዊው እየተከተለ እንዲዘፍን ታደርጋላችሁ። ለሚመለከተው ሕፃን ሁሉ ሳቅ ነው። ነገር ግን በእጥፍ ፍጥነት የሚዘፍን ሰው ፊት ላይ የሚታየው ጥድፊያ ነው፤ ያ ጥድፊያ ሲዘገይ ናፍቆት አይሆንም። የከንፈሩን ክፍል በተለመደው ፍጥነት ቅረጹት፤ ማዘግየቱን እሱ ዝም ለሚልበት ቦታ አስቀምጡት።

ስለ ቤተ መንግሥቱና ስለ ሰዎቹ የምለው ከውበት ጋር የተያያዘ አይደለም። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው የእንጨት ሥራ ነው። አባ ጅፋር እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ገዝተዋል፤ ሰገነቱም ደረጃውም የዚያ ዘመን አናጺዎች እጅ ያረፈበት ነው። በዚያ ወለል ላይ አሥራ ሁለት ተወዛዋዦችን ማዘለል፣ ከባድ መብራት መትከል፣ የጭስ ማሽን መክፈት ፈቃድ ቢገኝ እንኳ ከራስ ሕሊና ጋር መመካከር የሚፈልግ ነገር ነው። ውጭው ከበቂ በላይ ነው። በተጨማሪም አካባቢው ሰው የሚኖርበትና የሚሰግድበት ስለሆነ ድምፅ ማጉያ ከመክፈታችሁ በፊት ሰዓቱን ጠይቁ።

በገበያና በቡና ማሳ ውስጥ የምትቀርጿቸው ሰዎችም መልካቸው የራሳቸው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 27 የአንድ ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ቀጥሎ የተዘረዘሩ ልዩ ሁኔታዎች ቢኖሩም ሥራዋን ስትሠራ የዋለች ለቃሚ ፊቷ ለድምፃዊ ማስታወቂያ እንዲሆን ሳትጠየቅ መቅረቷን የሚያጸድቁ አይመስሉኝም። ብዙዎቹ በደስታ እሺ ይላሉ፤ ሳይጠየቁ መቅረታቸው ነው የሚያስከፋቸው። ግማሽ ቀን ሥራ ካስፈታችኋቸው ደግሞ የግማሽ ቀን ገንዘባቸውን ክፈሏቸው፤ ለተወዛዋዥ የምትከፍሉትን ያህል ከባድ አይሆንም።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህ ነው። ለሚቀጥለው ሥራችሁ ጅማን ከመረጣችሁ ሎኬሽን ለማየት ከመምጣታችሁ በፊት ግጥሙንና አጭር ስክሪፕታችሁን እዚህ ላለ ሰው ላኩ፤ የቪዲዮ ባለሙያ፣ የቡና ገበሬ፣ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ማንም ይሁን። «ይህ ነገር እዚህ እንዴት ይሆን ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሚሰጣችሁ መልስ ውስጥ ሦስት አራቱን ብትጥሉት እንኳ አንዱ ታሪካችሁን ሊያድነው ይችላል። ፈቃድ የምትሰጡ ኃላፊዎችም የጥበቡን ይዘት እንድትቆጣጠሩ አልጠይቅም፤ ያ የእናንተ ሥራ እንዲሆን አልፈልግም፤ በቅርሱ ውስጥ የሚፈቀደውና የማይፈቀደው የመሣሪያ ዓይነት፣ የሰዓቱ ገደብና ክፍያው በጽሑፍ ተዘጋጅቶ ለመጣው ሁሉ እኩል እንዲሰጥ ግን እጠይቃለሁ። ባለሙያው ምን እንደሚጠብቀው አስቀድሞ ካወቀ ስክሪፕቱን በዚያው ልክ ይጽፋል።

አብዛኞቻችሁ የምትመጡት ጫካው አረንጓዴ፣ እሸቱ ቀይ በሆነበት ወቅት ነው። አበባው ሲፈነዳ የሚመጣ የክሊፕ ቡድን ግን ብዙም አላየሁም፤ ቀኑ አስቀድሞ ስለማይታወቅና ፈጥኖ ስለሚረግፍ ለቀረጻ መርሐ ግብር አይመችም። ስክሪፕቱ ያለቀ፣ ተዋናዮቹ የተዘጋጁ፣ መሣሪያው የተጫነ ቡድን ካለ የመጀመሪያው ዝናብ እንደወረደ ደውለን የምንነግር ሰዎች እዚህ አለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

አንድ የሰርግና የዝግጅት ቪዲዮ ባለሙያ
ጅማ